ከጠረጴዛ በታች

ሰኞ፣ ጥቅምት 3
ሥልጠናው ተጀመረ… ለወንበሮቹ። አንድ ሰው አልመጣም። የሊፍት ጥገና ድርጅት ሠራተኞችን ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ማስለመድ ነው ሥራዬ። ወሩ ሲያልቅ የሙከራ ጊዜዬም ያልቃል። እስከዚያ የሚጠቀም ሰው ካላሳየሁ፣ ደህና ሁኚ ነው።
ጠዋት ዋናውን ቴክኒሻን ደጅ ላይ «ጋሼ፣ እንደምን አደርክ» አልኩት። አልፎኝ ሄደ። ካቻቪቴ ከኪሱ ስለማይጠፋ ቢሮው ሁሉ «ካቻቪቴ» ነው የሚለው። ሰላምታ አይመልስም። ለማንም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
ዛሬም ወንበሮቹና እኔ። ሒሳብ ሹሟ በር ላይ አንገቷን አስግጋ «እኛ እኮ በእጃችን ለምደናል፣ የኔ ቆንጆ» ብላኝ ሄደች። እማዬ ብስኩት ያዢላቸው አለች። ሰው በብስኩት ይሠለጥናል?… ልሞክር እስቲ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ብስኩቱ አለቀ። ሥልጠናው አልተጀመረም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
የጥገና ሪፖርቶች ሳገላብጥ የካቻቪቴን አገኘሁ። ድሮ «ተሠርቷል» ብሎ ነበር የሚጨርሰው። አሁን? «ውድ ደንበኛችን፣ ሊፍቱ መሀል ላይ ሲቆም የተሰማዎትን ጭንቀት ከልብ እንጋራለን።» ካቻቪቴ… ከልብ?
ዕቃ ክፍል ሄጄ ጠየቅኩት። ዙሪያውን አይቶ ስልኩን ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር አወጣ። እሱ ያወራል፣ ኤአይ ይጽፍለታል። ከጀመረ ከርሟል። ሒሳብ ሹሟም ስልኳን መሳቢያዋ ውስጥ ደብቃ እንደዚሁ ናት አለኝ። ሁሉም። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።
«ታዲያ ለምን ትደብቃላችሁ?»
«ሥራው ቶሎ ያልቃል ካልን ሰው በዝቷል ይባላል። ከዚያ ማን እንደሚቀነስ አንቺ ትነግሪኛለሽ? አፍሽን ያዢ፣ ልጄ።»

ዓርብ፣ ጥቅምት 14
ስማቸውን ብሰጥ ሥራው የኔ ነው። ካልሰጠሁ… እማዬ ዕድልሽን አትግፊ አለች። እየገፋሁት ነው እንዴ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 17
ሥራ አስኪያጇ ጠራችኝ። «ማነው የሚጠቀመው? ስም ስጪኝ።»
ስም አልሰጥም አልኳት። የሚደብቁት ቅነሳ ፈርተው ነው፤ ማንም እንደማይቀነስ ራስሽ ብትነግሪያቸው፣ የተረፈው ሰዓትም ለእነሱ ቢሆን… (ራስሽ ነው ያልኳት? በድንጋጤ «እርስዎ» ማለት ጠፍቶኝ!) በሩን ዝጊው አለች። አለቀልኝ ስል ስልኳን አወጣች። ሠራተኛው ሁሉ እያነሳ የሚያደንቀው የዓመት ስብሰባው ንግግሯ… እዚያ ውስጥ፣ በኤአይ ነው የተጻፈው። እሷም!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19
ሁሉንም ሰብስባ ነገረቻቸው። በዚህ ምክንያት ማንም አይቀነስም፤ ፈርማ ሰሌዳ ላይ ለጥፋዋለች። ሥራውን የጨረሰ ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤቱ። ከዚያ «ያጨበጨባችሁለትን ንግግር ኤአይ ነው ያረቀቀልኝ» አለች።
ካቻቪቴ ከኋላ፣ «እኔማ ጠርጥሬ ነበር። ከመቼ ወዲህ ነው እርስዎ ‹እባካችሁ› የሚሉት?»
ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ጭምር። ከዚያ መሳቢያው ሁሉ ይከፈት ጀመር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28
የሥልጠናው ክፍል ዛሬም ባዶ። ሁሉም ሒሳብ ሹሟን ከበው «ዝም ብላችሁ አትመኑት፣ ድምሩን መልሳችሁ እዩት» ስትል ይሰማሉ። ማክሰኞ ጠረጴዛዋ ጋ ሄጄ ሳሳያት ያልኳትን ነው፣ ልቅም አድርጋ። ወንበር ስቤ ከኋላ ተቀመጥኩ።
ቋሚ ሆኛለሁ። ለእማዬ ስነግራት፣ ብስኩቱ ነው አለች።
ረስቼው… ጠዋት ካቻቪቴ ደጅ ላይ «እንደምን አደርሽ» አለኝ። ቀድሞኝ። በገዛ አፉ። ማን ጻፈልህ ልለው ነበር…
ተውኩት። እንደምን አደርክ፣ ጋሼ።