የጨለማ ቁስ ተመራማሪዋ የዶክተር ትሩፋት ምትኩ ሂርጳ የሕይወት ታሪክ (1953–2018 ዓ.ም.)

ዶክተር ትሩፋት ምትኩ ከአባታቸው ከአቶ ምትኩ ሂርጳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በቀለች ወልደየስ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ነፋስ ስልክ ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው በሰፈሩ በነበረው የሬዲዮ ጣቢያ የመስመር ሠራተኛ ነበሩ። ድምፅ ያለ ሽቦ፣ በነፋስ ተሳፍሮ አገር እንደሚያቋርጥ ለልጃቸው ሲያጫውቱ፣ ገና የስድስት ዓመት ልጅ የነበሩት ትሩፋት «ነፋስ በማይነፍስበት ቀንስ?» ብለው ጠየቁ። አባት ቅጠል የማይነቃነቅበትን ቀን ጠብቀው ወደ ጣቢያው ወሰዷቸው። ያለ ሽቦ የሚሠራው የጣቢያው ስልክ እንደ ወትሮው ይሠራ ነበር። «አባባ፣ እንግዲያው የሚያወራው ነፋስ አይደለማ! ዋሽተውኛል» አሉ። አቶ ምትኩ ይህን ላገኙት ሰው ሁሉ በኩራት ሲያወሩ፣ ወይዘሮ በቀለች ግን «ይቺ ልጅ እንዲህ እየጠረጠረች ማን ያገባታል?» እያሉ ይሰጉ ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው በሰፈራቸው አካባቢ ተከታተሉ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳሉ በፊዚክስ ፈተና ከመቶ መቶ ሲሰጣቸው ወረቀቱን ይዘው ወደ መምህሩ ተመለሱ። አንዱን ጥያቄ መሳሳታቸውን ያውቁ ነበርና። መምህሩም አርመው ነጥብ ቀነሱባቸው። የክፍል ጓደኞቻቸው ለብዙ ጊዜ «ከሳሿ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር፤ የከሰሱት ራሳቸውን መሆኑን ግን ማንም ልብ አላለም።

በ1972 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1976 ዓ.ም. በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በማዕረግ ተቀበሉ። ጥቂት ዓመታት በረዳትነት ካስተማሩ በኋላ በተገኘ የትምህርት ዕድል ወደ ጣልያን ሄደው በቅንጣት ፊዚክስና በአስትሮፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ሠሩ። የሥራ ቦታቸው በተራራ ሆድ ውስጥ የተቆፈረ ቤተ ሙከራ ነበር። ስለ ሰማይ የሚመራመር ሰው ከመሬት በታች ምን ይሠራል ተብለው ሲጠየቁ «ላይ ጫጫታ ስለሚበዛ ነው» ይሉ ነበር። የሚፈልጉት ከዋክብትን በቦታቸው አቅፎ የያዘውን፣ ክብደቱ በሒሳብ የታወቀውን፣ መልኩን ግን እስካሁን ማንም ያላየውን ነገር ነው። ሳይንቲስቶች ስም ሲያጡለት ጨለማ ቁስ ብለውታል። ዶክተር ትሩፋት ወረቀት ላይ በሒሳብ፣ ዋሻ ውስጥ ደግሞ በመሣሪያ ፈለጉት።

በ1988 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው እስከ ጡረታቸው ድረስ በዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ለእያንዳንዱ አዲስ ተማሪ «መጀመሪያ መሣሪያህን ጠርጥር፤ ቀጥሎ ራስህን። ሰማዩን የምትጠረጥረው መጨረሻ ላይ ነው» ይሉ ነበር። ከእርሳቸው ጋር ሥጋ ቤት የሄደ ሰው ሚዛኑ ባዶውን ሲመዘን ሳያይ አይመለስም።

በ1989 ዓ.ም. ጎፋ የልብስ ስፌት ቤት ከነበራቸው ከአቶ ቴዎድሮስ አምሐ ጋር ትዳር መሠረቱ። ትውውቃቸው የተጀመረው በአንድ ኮት ነው። ዶክተር ትሩፋት ልኬቱን አላመኑም፤ «እስቲ ድገመው» አሉ፣ ደግሞም «እስቲ ድገመው» አሉ። በሦስተኛው አቶ ቴዎድሮስ «እመቤት፣ ኮት ነው የፈለጉት ወይስ እኔን?» ብለው ጠየቁ። ኮቱ ካለቀ በኋላም ልኬቱ አላለቀም ነበር ይላሉ አቶ ቴዎድሮስ። በ1991 ዓ.ም. አንድያ ልጃቸውን ቤተልሄምን ወለዱ።

ቤተሰቡ በ2003 ዓ.ም. ጀሞ ኮንዶሚኒየም ገባ። ዶክተር ትሩፋት ጡረታ በወጡ በዓመቱ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ በልዩ ልዩ አገሮች ካሉ የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከሰማይ ያለማቋረጥ የሚወርዱ ጥቃቅን ቅንጣቶችን የሚመዘግብ፣ በመካከላቸው የጨለማ ቁስ ምልክት ቢኖርም የሚያሳይ ሣጥን አሠሩ። ነዋሪው ኮሙናል በሚለው የጋራ ቤት አንዲት ባዶ ክፍል ተፈቀደችላቸው። ቅንጣት በሣጥኑ ውስጥ ሲያልፍ ዓይን የማይለየው ብልጭታ ይሰጣል። ያ ብልጭታ እንዲታወቅ ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ መሆን ስላለበት፣ አቶ ቴዎድሮስ ድርብ ጥቁር መሸፈኛ ሰፉለት። ዶክተር ትሩፋትም በሩ ላይ በትልቁ ጽፈው ለጠፉ፦ «ብርሃን እንዳይገባ ተጠንቀቁ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ መንሾካሾክ ያዘ። በውኃ ተራ የማይስማሙት ጎረቤቶች ሁሉ በዚህ ተስማሙ። ከሣር ቤት ተነሥተው የመጡ አንዲት እናት «ብርሃን እንዳይገባ? ጌታ ራሱ ብርሃን አይደል እንዴ! ማንን ነው የምትከለክለው?» አሉ። ፎቅ ላይ የሚኖሩት ወይዘሮ ሪሐና ደግሞ «እኛም ጋ ቢሆን ይሄ ደግ ነገር አይደለም፤ ሣጥን በጥቁር ጠቅልሎ መቆለፍ ምን ይሉታል?» አሉ። ለበዓል ከጎን ባለው ክፍል በግ የሚያርድ ጠፋ። በመጨረሻ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ሱልጣን በስብሰባ ላይ በትሕትና ጠየቋቸው፦

«ዶክተር፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ እዚያ ውስጥ የሚፈልጉት ምንድነው?»

«ጨለማ ቁስ ነው።»

«እሺ… ያገኙት እንደሆነስ?»

«ለዓለም ሁሉ እናሳውቃለን» አሉ ዶክተር ትሩፋት። ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ።

በ2015 ዓ.ም. ሣጥኑ ያልተጠበቀ ነገር ያሳይ ጀመር። በአንዳንድ ቀናት የቅንጣቱ ቁጥር ለጥቂት ደቂቃ እንደ ጎርፍ ይሞላና ይጎድላል። በሌላ አገር ያሉት ሣጥኖች ግን ምንም አላዩም። ከጡረታ በኋላም የሚያማክሩት የዶክትሬት ተማሪያቸው ኦልጅራ ደስታውን መደበቅ አልቻለም፤ የውጭ ባልደረቦቻቸውም ጽሑፉ በዶክተር ትሩፋት ስም ቀዳሚነት ቶሎ እንዲወጣ ወተወቱ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የፈለጉት ነገር ጀሞ፣ ኮሙናል ውስጥ፣ በራቸው ላይ የቆመ መሰለ። እንዲሆንላቸው የቱን ያህል ይመኙ እንደነበር የሚያውቁት የቅርብ ሰዎቻቸው ናቸው። ስለተመኙትም ጠረጠሩት።

መብራት መጥፋቱን ጠረጠሩ፤ አልነበረም። ትራንስፎርመሩን፣ ዝናቡን፣ የሠርግ ቤት ድምፅ ማጉያውን ጠረጠሩ፤ አንዱም አልሆነም። ቀጥሎ ጥርጣሬያቸው ወደ ሰው ዞረ። የክፍሉ ቁልፍ ያለው ኦልጅራ እጅ ነበር፤ ሁለተኛው እቤታቸው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

«ኦልጅራ፣ ንገረኝ፤ ነክተኸዋል?» አሉት።

«ዶክተር፣ የገዛ ልፋቴን በገዛ እጄ? እርስዎ ይህን ይሉኛል?» አለና ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ለሳምንታት አልተመለሰም። መሸፈኛውን ሲያዩት ደግሞ ቋጠሮው ሁልጊዜ በወጉ እንደታሰረ ነው። ሌባ ወይም ተንኮለኛ እንዲህ አያስርም።

ነገሩ የተፈታው በቀን አቆጣጠር ነው። ኮምፒዩተሩ ቀኑን የሚጽፈው በፈረንጅ ስለነበር ጎርፉ የሚመጣበት ቀን ሥርዓት ያለው አይመስልም ነበር። ዶክተር ትሩፋት አንድ ቀን ጎርፎቹን በማእድ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የእኛ ቀን መቁጠሪያ ጋር ሲያስተያዩ፣ አንዱ በወሩ 12 ሌላው በ19 ሌላው በ21 ዋለ። ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም! ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ከዋክብት ዝክር አያወጡም፤ ይሄ ሰው ነው» አሉ። ማን እንደሆነ ለማየት፣ ለማንም ሳይናገሩ የሚቀጥለውን ሚካኤል ጠበቁ።

በዕለቱ ማለዳ ኮሙናሉ ውስጥ ከጥግ ተቀምጠው ሳሉ ቁልፍ ተንቃጨለ። ነጠላቸውን ያጣፉ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል የያዙ፣ ከቅዳሴ መልስ የሆኑት ባለቤታቸው አቶ ቴዎድሮስ ገቡ። በገዛ እጃቸው የሰፉትን መሸፈኛ ገለጥ አድርገው፣ ሦስቴ ረጭተው፣ መልሰው አሰሩት። ሲዞሩ ተያዩ።

«ቴዎ! አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታውቃለህ ምን እንደሠራህ? ዓለም ሁሉ እኮ…»

«አንቺ የምትፈልጊውን እኔ አላውቅም፣ ትሩፌ። ሰዉ የሚለውን ግን እሰማለሁ። ብታገኚው እንኳ ቤታችን እንዳይገባ ብዬ ነው።»

ዶክተር ትሩፋት ሁሉን ሲጠረጥሩ አንድ ሰው ቀርቷቸው ነበር፤ እርሱም ያመኑት ነው። ሆኖም አልተቆጡም። ተመራማሪ ናቸውና መጀመሪያ ማረጋገጥ ፈለጉ፤ አቶ ቴዎድሮስ በመጪው ገብርኤል እንዲተዉ፣ በማርያም እንዲረጩ ጠየቋቸው።

«ገብርኤልን ዘልዬ ማርያምን? ምነው፣ ገብርኤል ምን በደለኝ?» ብለው አቶ ቴዎድሮስ ለሁለት ቀን ተከራከሩ። በኋላ እሺ አሉ። በገብርኤል ጎርፍ አልመጣም፤ በማርያም መጣ።

ከባልደረቦቻቸው አንዳንዶቹ «ምክንያቱ ያልታወቀ የብርሃን ሾልኮ መግባት» ብለን እንለፈው ሲሉ ዶክተር ትሩፋት እምቢ አሉ። መረጃው ለደረሳቸው ተመራማሪዎች ሁሉ የተላከው ማረሚያ፣ ባለቤታቸው በጸሎት ቀናት መሸፈኛውን ገልጠው ጠበል ይረጩ እንደነበር በግልጽ ይናገራል። በብዙ አገር ተሳቀበት። ከሁሉ በፊት ግን ቁልፉን ይዘው ለቡ ወደሚገኘው የኦልጅራ ቤት ሄዱ፤ በወላጆቹ ፊት ይቅርታ ጠየቁት። ዶክተር ኦልጅራ ዛሬ የሚታወቅበት የምርምር ሥራ፣ እውነተኛውን ምልክት ከሐሰተኛው የሚለይበት ዘዴ፣ የተወለደው ከዚህ ነው። ሰፈሩም ነገሩን ሲሰማ ስቆ ፍርሃቱ ለቀቀው፤ ለፋሲካ ኮሙናሉ ውስጥ በግ ታረደ። ይህ ሁሉ በዚህ ጽሑፍ እንዲገባ የፈቀዱት አቶ ቴዎድሮስ ራሳቸው ናቸው።

ዶክተር ትሩፋት በ2017 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ታመሙ። የምርመራው ውጤት ሲነገራቸው መሣሪያው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተፈተሸ ሐኪሙን ጠየቁ። ሐኪሙ አልተቀየሙም፤ በሌላ መሣሪያ አስደገሙላቸው። ያው ሆነ። ሌላ ቦታም ሄደው አሳዩ፤ ያው ሆነ። «እንግዲህ እውነት ነው» አሉና ከዚያ በኋላ ስለ በሽታው ከማንም ጋር አልተከራከሩም።

አልጋ ላይ ሳሉ ተማሪዎቻቸው ስለ እርሳቸው ታትሞ የወጣ ምስጋና አነበቡላቸው። ጽሑፉ ለጨለማ ቁስ ግኝት በር የከፈቱ ይላቸው ነበር። ቀና ብለው «የትኛውን በር?» አሉ። ልጃቸውን ቤተልሄምንም ጠርተው «ቤቲዬ፣ ቀብር ላይ የሚነበበው ነገር አያስተማምንም፤ ስለ ሞተ ሰው ተሳስቶ ነበር ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ያላገኘሁትን አገኘች ብላችሁ እንዳትቀብሩኝ» ሲሉ አደራ ሰጧት።

ዶክተር ትሩፋት ምትኩ በሕክምናና በቤተሰባቸው እንክብካቤ ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን አቶ ቴዎድሮስ አምሐን፣ ልጃቸውን ቤተልሄም ቴዎድሮስን፣ ታናሽ ወንድማቸውን አቶ ሙሄ ምትኩንና ያስተማሯቸውን ብዙ ተማሪዎች ትተውልናል።

አደራቸውን ለመጠበቅ በዚህ በተሰበሰበው ወዳጅ ዘመድ ፊት እንዲህ እንላለን፦ ዶክተር ትሩፋት ምትኩ ዕድሜያቸውን ሙሉ የፈለጉትን አላገኙም። አገኙ ለመባል የቀራቸው ዝም ማለት ብቻ ነበር፤ ዝም አላሉም።

ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለአቶ ቴዎድሮስና ለቤተልሄም፣ ለሁላችንም፣ ጽናቱን ይስጠን። አሜን።