ያልተፈረመው ሃምሳ ስምንተኛ ዕለት

ቀን፦ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጥሞና አስተማሪዎች ሥልጠናና ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የልምምድ መዝገቤ ሳይሰረዝ ቀሪዎቹን ዕለታት በሌላ ተቆጣጣሪ መምህር ሥር እንድጨርስ ስለመጠየቅ

1. እኔ አመልካች ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ የሰባ ዓመት ሰው ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ስመዘገብ ሁለት መንገድ ቀርቦልኝ ነበር፦ ሦስት ወር ተምሮ የጽሑፍ ፈተና መውሰድ፣ ወይም ስድሳ ዕለት ሰዎችን አስቀምጦ፣ ትንፋሻቸውን ብቻ እንዲያስተውሉ መርቶ፣ እያንዳንዱን ዕለት ተቆጣጣሪ መምህር ማስፈረም። እኔ አጭሩን ልመርጥ ነበር። የተመዘገበች የጥሞና አስተማሪ የነበረችው ልጄ ግን፣ «አባዬ፣ ፈተናውንማ ታልፋለህ። አንተን የሚጥልህ ዝምታው ነው» ብላ ረጅሙን አስመረጠችኝ። ዝምድናችንን አሳውቀን፣ ተቆጣጣሪዬ እርሷ እንድትሆን ጽሕፈት ቤቱ በደብዳቤ ፈቅዷል።

2. በመዝገቤ ላይ ሃምሳ ሰባት ዕለት በእጇ ተፈርሟል፤ በየዕለቱ ግርጌም አስተያየቷ አለ። የመጀመሪያው፣ «ትንፋሽ ስም ጥሪ አይደለም፤ ጮክ ብለህ አትቁጠርባቸው» ይላል። የሃምሳ ሰባተኛው ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ዛሬ አልቸኮልክም።»

3. ሃምሳ ስምንተኛውን የመራሁት ልጄ በተኛችበት የሆስፒታል ክፍል፣ ለእርሷና አብረዋት ለነበሩ አምስት ሕሙማን ነው። ስጨርስ መዝገቡን ዘረጋሁላት። እስክሪብቶውን ከያዘች በኋላ መዝገቡን ሳትፈርም መለሰችልኝ። «አባዬ፣ መሐል ላይ እንቅልፍ ወስዶኛል። ያላየሁትን አልፈርምም፤ ነገ ድገመው» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ተማሪህን ማስተኛትህን ግን ለማንም አልናገርብህም» ብላ ሳቀችብኝ። በማግስቱ ጠዋት መዝገቡን ይዤ ስደርስ አልጋዋ ላይ አዲስ አንሶላ ተነጥፎ ነበር።

4. ይህን ጠባይ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ሰባተኛ ክፍል ሳለች ታማ ላመለጣት ፈተና ዜሮ ሰጥቻታለሁ። ለጉዳዩ አግባብነት እንደሌለው አውቃለሁ፤ ሳልጽፈው ማለፍ ግን አልሆነልኝም።

5. ባለፈው ሰኞ እንደተነገረኝ፣ ተቆጣጣሪው ልምምዱ ሳያልቅ ከሞተ መዝገቡ «ተሰርዟል» የሚል ማኅተም ተመትቶበት ይወሰዳል፤ ተለማማጁም ወይ ከአንድ ይጀምራል፣ ወይ ወደ አጭሩ መንገድ ይዛወራል። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንድመርጥ ታዝዣለሁ። አንድ ሠራተኛ አዝኖልኝ፣ «ጋሼ፣ የልጅዎ ፊርማ መቼም አይጠፋዎትም። ሦስት መስመር ነው፤ ጫር ጫር ያድርጉና ይገላገሉ፤ ማን ያያል?» አለኝ። ከደግነት የተናገረው ስለሆነ የመስኮቱን ቁጥር አልጠቅስም። በሕይወት ሳለች አልፈርምም ያለችውን፣ ከሞተች በኋላ አላስፈርማትም።

6. ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ. የተፈረሙት ሃምሳ ሰባት ዕለታት እንዲያዙልኝ፤

ለ. ሃምሳ ስምንተኛው መስመር እንዳይቆጠርልኝ፣ ባዶውንም እንዲቀር፤ ለሚቀሩኝ ሦስት ዕለታት ሌላ ተቆጣጣሪ እንዲመደብልኝ፤

ሐ. ደንቡ ይህን ፈጽሞ የማይፈቅድ ከሆነ ከአንድ እጀምራለሁ። አሮጌው መዝገብ ግን ማኅተም ሳይነካው በእጄ ይቅርልኝ።

በክፍሉ ኃላፊ ነርስ ፈቃድ የፊታችን ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት እዚያው ክፍል እገኛለሁ። ድገመው ተብያለሁና፣ የሚፈርም ሰው ቢመጣም ባይመጣም እደግመዋለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የመዝገብ ቁጥር 218 ተለማማጅ

አባሪ፦ የፈቃድ ደብዳቤ፣ አንድ ገጽ። መዝገቡን አላያያዝኩም፤ ማየት ከተፈለገ ራሴ ይዤው እመጣለሁ፣ እስኪታይም ቆሜ እጠብቃለሁ።