የት እንደምናድር ለዓለም ላሳወቁልን ክቡር ኃላፊ

ለክቡር አቶ ዳኘው፣
የተንቀሳቃሽ ነጋዴዎች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሕር ዳር።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ የግቢዎ ዘበኛ፣ ሌላው ቀርቶ ያ አላፊ አግዳሚውን የሚያስበረግገው ውሻዎ ደህና ናቸው ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ እስከዛሬ በሕይወት አለን። ከሁሉ በላይ ግን እንቅልፍዎ እንዴት እንደሆነ በትሕትና ለመጠየቅ እወዳለሁ፤ አጥርዎ ከፍ ያለ፣ በርዎም ወፍራም ብረት ነውና ጥሩ እንቅልፍ እንደሚተኙ አልጠራጠርም፤ አላህ ይጨምርልዎ እንጂ አይቀንስብዎ።

ምናልባት ከሥራ ብዛት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ ሰዓዲያ እባላለሁ፣ የወረታ ልጅ ነኝ። ከባለቤቴ ከሙሀመድሰዒድና ከአሥራ አምስት ዓመት ልጃችን ከኑሰይባ ጋር በአንዲት አረንጓዴ ሚኒባስ ውስጥ እንኖራለን። የኋላ ወንበሮቿን አውልቀን ፍራሽ ዘርግተንባታል፣ ጣሪያዋ ላይ ሶላር አስረናል፣ በተረፈው ቦታ ሻሽ፣ ነጠላ ጫማና የፕላስቲክ ባልዲ ጭነን ከማክሰኝት እስከ ቁንዝላ ጣናን እየዞርን በየገበያው እንሸጣለን። ወረታ ላይ ቤት ነበረን፤ ለምን እንደለቀቅነው ግን እርስዎም እዚሁ አገር ውስጥ ነዎትና አይጠይቁኝም።

ስልክ ባየች ቁጥር የምትደነግጥ ኋላ ቀር ሴት እንዳልመስልዎ ደግሞ አስቀድሜ ልናገር። በመኪና ለሚኖር ሰው ስልክ ግማሽ ቤቱ ነው። ኑሰይባ ያልጫነችልን አፕ የለም። ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሠራ ካርታ አለን። ሐይቁ ላይ ነፋስ ሊነሣ ሲል የሚነግረን አለን፤ እሱን አይተን ሸራችንን እናጥፋለን። እንደ ግንበኛ ውኃ ልክ መኪናዋ መዝመሟን የሚያሳየን አለን፤ እሱ ባይኖር ድስታችን ስንት ጊዜ በተደፋ ነበር! የቂብላን አቅጣጫ የሚያሳየንም አለን። እነዚህ ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ የሚያውቁትን ለእኛ ይነግሩናል እንጂ እኛን ለሌላ አይነግሩም። ይህን ጉድለታቸውን አይተው ነው መሰለኝ እርስዎ «ማደሪያዬ» የተባለውን አፕ ያመጡልን።

በሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል አዳራሽ ሰብስበውን፣ ኬክ ቆርሰው ሲያስመርቁት፣ ከእንግዲህ እናንተ የት እንዳደራችሁ ሳናውቅ እኛም አንተኛም ብለውን ነበር። እኔማ መዳፌ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብሁት። ከዚያ ወዲህ አፑን ያልጫነ የንግድ ፈቃዱ አይታደስለትም፤ ጀምበር ሳትጠልቅም የሚያድርበትን ቦታ ካርታው ላይ ነክቶ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ውለታዎ የማቀርበው ምስጋና ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብዎ በቁጥር ከፍዬዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሜዳው። የመጀመሪያ ሰሞን አፕዎ በሐይቁ ምሥራቅ በኩል «ለጥ ያለ አረንጓዴ ሜዳ፣ ለማደሪያ እጅግ ምቹ» ብሎ መራን። ሙሀመድሰዒድ እየተደሰተ ሲነዳ የፊት ጎማው ሰጠመ። ወርደን ብናይ ሜዳ የተባለው ሐይቁ ራሱ ነው፤ እምቦጭ ሸፍኖት ነው እንጂ። ከሰማይ ሆኖ ፎቶ ያነሣው ማሽን ባያውቀው አልፈርድበትም፤ ባሕር ዳር ተቀምጦ ይህን ያጸደቀው ባለሙያ ግን እምቦጭን በስም እንኳ አለመስማቱ ይደንቃል። ያገሬው ሰው በገመድ ጎትቶ ሲያወጣን እየሳቀ ነበር፤ እኛም ሳቅን። ያኔ ገና እንስቅ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥያቄዎቹ። አፕዎ የሁላችንንም ስም፣ ዕድሜና ፎቶ ጠየቀን፤ ሰጠነው። የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ሲለን ወረታ ያለችውን እህቴን ከነሰፈሯ ጻፍን። ቀጥሎም በርኅራኄ፣ ድጋፍ እናደርግ ዘንድ የተሽከርካሪዎ ችግር ምንድን ነው አለን። ምስኪኗ እኔ አምኜ፣ የጎን በራችን አይቆለፍም ብዬ ጻፍሁ። መቆለፊያ የሚልኩልን መስሎኝ ነበር። የላኩልን ግን መቆለፊያ ሳይሆን ማስታወቂያ ነው፤ አሁን አፑን የከፈተ ማንም ሰው ካርታው ላይ እኛን ሲነካ፣ ባልና ሚስት ከነልጃቸው፣ ኑሰይባ፣ ዕድሜ አሥራ አምስት፣ የጎን በሩ አይቆለፍም የሚል ያነባል። ጎበዝ! አፍላላጊ ቀጥረን ራሳችንን ብናስፈልግ እንኳ እንዲህ አሟልቶ የሚጽፍልን አናገኝም ነበር።

ሦስተኛ፣ «እየመጣሁ ነው» ስለሚለው ቁልፍ። መንገደኞች ተሰባስበው እንዲያድሩ ታስቦ የተሠራ ነው መባሉን ሰምተናል። ማንም ስሙን ሳይጽፍ ቁልፏን ከተጫነ፣ ወደ ማደሪያዎ ሰው እየመጣ ነው የሚል መልእክት ለእኛ ይደርሰናል። ቁንዝላ ላይ አንድ ቀን፣ ሙሀመድሰዒድ ለመግሪብ ሰላት ወደ መስጊድ እንደሄደ፣ ሁለት ሰዎች እየመጡ ነው የሚል መልእክት ደረሰን። እንደኛው ነጋዴዎች ናቸው ብለን ኑሰይባ ሻይ ጣደች። የመጡት በሞተር ነው፤ ፊታቸውን በፎጣ ጠቅልለዋል፤ የሚሸጥ ዕቃ የላቸውም። ክቡር ሆይ፣ እኔ ከፊት ቆሜ እያዩኝ ወደኔ አልመጡም። ቀጥ ብለው ወደማይቆለፈው በር ሄዱ። ልጄን በስሟ ጠሩና ከአፑ ድርጅት ነው የመጣነው፣ ነይ በሩን እንይልሽ አሏት።

ልጄን ያተረፋት የእርስዎ አፕ አይደለም። ያተረፏት፣ ላለፉት ዓመታት ሁሉ በአጥራቸው ጥግ የሚያሳድሩን ዓሣ አጥማጁ ጋሼ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው። እሳቸው ሲጾሙ ዘይት እንወስድላቸዋለን፣ እኛ በረመዷን ስንጾም ለማፍጠሪያችን ውኃ ያስቀዱልናል። እዚህ እደሩ ያሉን ቀን በርጩማቸውን አውጥተው ከጎማችን አጠገብ ይቀመጡና፣ እኛ በር እስክንዘጋ ድረስ አይነሡም። የዚያን ዕለትም እዚያው ተቀምጠው መረባቸውን ሲጠግኑ ነበርና ብድግ ብለው፣ ልጅቷ የልጅ ልጄ ናት፣ በሩም አልተበላሸም አሏቸው፤ ወዲያውም ጎረቤቱን ሁሉ በየስሙ እየጠሩ ተጣሩ። ሰዎቹ አልሮጡም፤ ሳቁ እንጂ። ጋሼን ስማቸውን ጠየቋቸው፤ እሳቸውም ስም የሚደብቁ ሰው አይደሉምና ነገሯቸው። አንደኛው ቤታቸውን ፎቶ አነሣና ቀስ ብለው እየነዱ ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት አፕዎ፣ የቁንዝላ ቆይታዎ እንዴት ነበር፣ እባክዎ ኮከብ ይስጡን ብሎ ጻፈልኝ።

አራተኛው አጭር ነው። በሚቀጥለው ገበያ ቁንዝላ ስንደርስ የጋሼ ተክለ ጊዮርጊስ መረብ ተቆራርጦ ደጃፋቸው ላይ ተከምሮ አገኘነው። መሬት መሬቱን እያዩ፣ ልጄ ሰዓዲያ፣ ከእንግዲህ እዚህ አትደሩ አሉኝ፤ እናንተን አይደለም፣ ስልካችሁን ነው የፈራሁት አሉኝ። ሰው ሲሞትብኝ እንኳ እንደዚያ አላለቀስሁም። የሚያሳድረን ሰው አሳጡን፤ እግዜር ይስጥልን።

አምስተኛ፣ ስለ መሥሪያ ቤትዎ መስተንግዶ። ስማችንና ማደሪያችን ከሕዝብ ዕይታ እንዲወጣልን ለመለመን ቢሮዎ ስንመላለስ፣ ስንመጣ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ስንመለስ ሲስተም የለም፣ ደጅ ስንጠና ደግሞ መስክ ወጥተዋል ተባልን። ሙሀመድሰዒድ መሮት ስልኩን ቢያጠፋው ደግሞ በማግስቱ ኬላ ላይ ፈቃዳችሁ ታግዷል ተብሎ ዕቃችን ፀሐይ ላይ ዋለ። በመጨረሻ አንዲት ደግ ሠራተኛ ቀስ ብላ፣ ይህን መሸፈን የሚችለው የኃላፊው ስልክ ብቻ ነው፣ አንድ ጊዜ መንካት ነው ሥራው አለችኝ። ይህችን አንዲት ጣት ለማግኘት ነው እንግዲህ ስንዋትት የከረምነው።

ኑሰይባን ለምን ዘመድ ቤት አታስቀምጧትም ይሉኝ ይሆናል። ዘመዳችን ማን እንደሆነችና የት ሰፈር እንደምትኖር አፕዎ ከስማችን ሥር ጽፎታል እኮ! እህቴም ሰሞኑን ሁለት የማታውቃቸው ሰዎች በሞተር መጥተው፣ ልጅቷ እዚህ ናት ወይ ብለው ጎረቤት መጠየቃቸውን ነግራኛለች። ወላሂ እፈራለሁ፤ አልደብቅዎትም። ቀኑ ሲያዘቀዝቅ የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እጄ የሚሄደው ወደዚያ በር ነው። ልጄም መሳቅ ትታለች፤ ቀን ቀን በተቀመጠችበት ታንቀላፋለች፣ ማታ ማታ ዓይኗን አትከድንም።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ሕግ አልተማርሁም። በእኛ አገር ግን እዚህ እደሩ ያለ ሰው የዚያች ሌሊት ዋስ ነው። እንግዳው ቢዘረፍ የሚጠየቀው እሱ ነው፣ ጠዋትም ከቤተሰቡ በፊት እንግዳውን እንዴት አደርህ ይላል። ጋሼ ተክለ ጊዮርጊስ ዋስነታቸውን በመረባቸው ከፈሉ። እርስዎ ደግሞ ከማክሰኝት እስከ ቁንዝላ ላለው መንገደኛ ሁሉ በየምሽቱ እዚህ እደሩ የሚሉ ታላቅ አሳዳሪ ሆነዋልና፣ እኔና ባለቤቴ ተመካክረን፣ ለምን እንዲህ ያለ ዋስ እያለን በየሜዳው እንንከራተታለን አልን።

ስለዚህ ዛሬ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ከከተማው ዳር ሰባታሚት ካቆምንበት ተነሥተን መጥተናል። ቤትዎን ለማግኘት አፕ አላስፈለገንም፤ እርስዎ ካርታው ላይ የሉበትም። አንድ የባጃጅ ሾፌር ነው ያሳየን። መስኮትዎን ገለጥ ቢያደርጉ ከብረት በሩ ፊት ለፊት የቆመችውን አረንጓዴ ሚኒባስ ያዩዋታል፤ የማይቆለፈውን በር ወደ ግድግዳዎ አስጠግተነዋል። ዘበኛዎ ጨዋ ሰው ናቸው፤ የመሸብን እንግዶች ነን ብንላቸው ውኃ ሰጥተውናል። እንደታዘዝነውም ጀምበር ሳትጠልቅ ማደሪያችንን በአፑ አስመዝግበናል፤ የእርስዎ ደጅ አሁን ካርታው ላይ በአረንጓዴ ያበራል። ቁጣ አይደለም፤ ጥላቻም አይደለም። የሚመጣ ነገር ካለ አብረን እንቀበለው ብለን ነው። ስማችንን በዚያች ጣትዎ የሸፈኑልን ደቂቃ ሞተር አስነሥተን ከደጅዎ እንሄዳለን፤ ዱዓም እናደርግልዎታለን።

ይህን ደብዳቤ በበርዎ ሥር አሾልኬ ባስገባሁበት ቅጽበት ኑሰይባ በቴሌግራም ለነጋዴዎቹ ሁሉ ትለቀዋለች፤ እነሱም የሚያመሰግኑዎት ነገር አያጡምና።

ከዝቅተኛ ሰላምታና ከማይነጥፍ ምስጋና ጋር፣ ዛሬ በእርስዎ ዋስትና የምታድረው፣
ሰዓዲያ፣ ከነባለቤቷና ከነልጇ
አድራሻ፦ የእርስዎ በር

ከፊርማዬ በኋላ የመጣ፦ ወረቀቱን ላጥፈው ስል ስልኩ ጮኸ። ወደዚህ ማደሪያ ሦስት ሰዎች እየመጡ ነው ይላል፤ ስም አልጻፉም። እኛ የምንጠብቀው እንግዳ የለንም። እርስዎስ፣ ክቡር ሆይ፣ የሚጠብቁት ሰው አለ?