ዘይት የምትጠጣው መኪና

…ያኔ በገዴራ መንገድ አባዬ የመኪናዋን ሞተር ድምፅ ብቻ ሰምቶ «አንዱ ካንዴላ ደክሟል» ሲል እንዴት እንደሳቅንበት፤ ኋላ ግን ልክ ሆኖ ተገኘ። ታዬ ወንድምዓለም፣ ሳልሳለምህ ወሬ ጀመርኩ፤ ኤላት እንደምን ይዛሃለች? እኛ ደኅና ነን፤ ቂርያት ማላኪም እንዳለች ናት።

አሮጌዋ መኪናም አለች። አንድ ነጥብ ስድስት ሊትር የቤንዚን ሞተሯ ዛሬም ዘይት ይጠጣል፣ ዳገት ላይ ይግላል። ዓርብ ለት አባዬ እንደ ልማዱ ከሰንበት በፊት ዘይት ልሙላ ብሎ በዘይቱ ማስገቢያ ውሃ አፈሰሰ። መካኒኩ ኢታይ ከያቭነ መጥቶ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ውሃውን አስወጥቶ ውስጡን አጠበው።

«አባ፣ ውሃ ለራዲያተሩ ነው እኮ!» አልኩት።

«ቤሰደር፣ እሺ፣ ያረጀችው እሷ ናት» አለ አባዬ። ሁላችንም ሳቅን።

የመኪናዋን ቁልፍ እንዳይነዳ ብዬ የሩዙ ጣሳ ውስጥ ደብቄዋለሁ፤ ሲጠይቀኝ «ኢታይ ጋ ነው» እለዋለሁ። ለበዓሉ ና፤ ቀድመህ ብትመጣም ደስ ይለናል። ሰላምህ ይብዛ፤ እህትህ አማረች።

ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ታች የመኪናዋ በር ተዘጋ፤ አባዬ ክፍሉ ውስጥ የለም።