የጠጪዎች ግለ ሂስ

ጥቅምት 3 ቀን 1973 ዓ.ም.
ውሎዬ እንደ ወትሮው። ሦስተኛ ክፍልን ማባዛት አስተማርኩ፤ ከዚያ አዴ ደራርቱ አረቄ ቤት... ቤቴ ስገባ ባዶ። ሚስቴ ድንቅቱ ወደ ጌዶ፣ አባቷ ጋ ከሄደች ከመስቀል ወዲህ ነው። «ወይ እኔን፣ ወይ አረቄውን። ስትመርጥ ና» ብላኝ ሄደች። ይኸው አልመረጥኩም። ምን ይሻለኛል?

ዛሬ ደግሞ ቀበሌው የጠጪዎችን ስም በስብሰባ ጠራ። በየእሁዱ ግለ ሂስ እናደርጋለን አሉ። የመጀመሪያው ስም የኔ፣ የመምህር ሌታ! ኦቦ ነጋሳን የመሰለ አንጋፋ ጠጪ እያለ... አፈርኩ። ትንሽም ኮራሁ።

ጥቅምት 9፣ እሁድ
ጉድ ነው! ጡረተኛው ሾፌር ኦቦ ነጋሳ ጀመረ። «ጓዶች፣ ጥፋቴ ይህ ነው። በብርድ ማለዳ እነሳለሁ። አንዲት መለኪያ እቀዳለሁ። ጉሮሮዬን እያሞቀች ስትወርድ...» ምንም ሳያስቀር ዘረገፈው። ሊቀመንበሩ ጓድ ቀነዓ እንኳ ምራቁን ሲውጥ በዓይኔ አየሁ። ስብሰባው እንዳለቀ ሁላችንም ወዴት? አዴ ደራርቱ ጋ። እንደዛሬ ገበያ ደርቶላት አያውቅም።

ጥቅምት 16
እጄን አወጣሁ። «ሂስ አለኝ! የጠጣነውን ትተን ያጣነውን እንናገር።» ተንኮሌ የነጋሳን አፍ ለማስያዝ ነበር። «እሺ፣ አንተስ ምን አጣህ?» አለኝ ነጋሳ። ቀልድ ፈለግሁ... አልመጣልኝም። «ድንቅቱን» አልኩ። የሳቀ የለም።

ስንወጣ ከኛው ጠጪዎች አንዱ፣ ሥጋ ሻጩ ዳዲ ክንዴን ያዘኝ። «ኮቱ፣ ና በላይኛው መንገድ እንሂድ፤ በአዴ ደራርቱ ደጃፍ አያልፍም።» ሄድኩ።

ጥቅምት 26
አዲስ ጨዋታ አምጥተናል። አንዳችን ወደ አረቄ ቤት ካዘነበልን ያየው ሰው «ሂስ አለኝ!» ብሎ መንገድ ላይ ይጮኻል። ዛሬ ነጋሳን አዴ ደራርቱ ደጃፍ ላይ ያዝኩት። «መንገድ ልጠይቅ ነው» አለ። ተወልዶ ያደገበት ከተማ! አዴ ደራርቱ ገበያዬን ዘጉት ብላ ቀበሌ ከሳናለች።

ኅዳር 7፣ እሁድ
ጓድ ቀነዓ ተነሳና «የመጠጥ ችግር በቀበሌያችን ተወግዷል፤ ለበላይ አካል ሪፖርት ተደርጓል። ከእንግዲህ ስብሰባ የለም» አለ። አጨበጨብን። በመንግሥት ድነናል!

«ታዲያ ለደስታችን አንድ አንድ...» አለ ነጋሳ። ዳዲም፣ እሱም፣ እኔም እግራችን ወደዚያው። በሩ ላይ ደረስን። ማንም አልጮኸም። ፈራሁ፤ የምሬን ነው። የሚጮህብኝ ከጠፋ እኮ አለቀልኝ። ድንቅቱም ቀረች ማለት ነው።

«ሂስ አለኝ» አልኩ፣ በራሴ ላይ። ዳዲ ከት ብሎ ሳቀ። ነጋሳ እየተሳደበ ቤቱ ወሰደን፤ አምቦ ውሃ ከፈተልን። በየእሁዱ እዚያው ልንገናኝ ተስማማን። ቀበሌው አይስማ እንጂ... ድነናል ተብሏል።

ኅዳር 21፣ ጌዶ
መረጥኩ፤ መጣሁ። ድንቅቱ መጀመሪያ አሸተተችኝ፣ ቀጥላ ሰላም አለችኝ። የነጋሳን ጉድና የ«ሂስ አለኝ»ን ጨዋታ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። እመለሳለሁ ግን አላለችም።

ምሳ ላይ አባቷ ኦቦ ጂራ አረቄ ቀዱልኝ። አማት የቀዳውን መግፋት ነውር ነው። «ያዝ እንጂ ልጄ! ናቅከኝ?» እጄ... ይቺ እርጉም እጄ ተዘረጋች። መለኪያዋን ነካኋት።

ከጓዳ ጩኸት መጣ። «ሂስ አለኝ!»

ኦቦ ጂራ ደንግጠው አረቄውን ደፉት። ድንቅቱ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ብቅ አለች።

«አባዬ፣ ውሃ ይስጡት። ነገ መንገደኞች ነን።»