እማዬ ጋ ያልደረሰው ሙቀት

ውድ ወንድሜ ዱዌን፣

«ውድ» የምትለዋን ቃል የጻፍኳት እጄን እየቀፈፈኝ ነው። የሆነውን ሁሉ ልንገርህና ከዚያ የምትለውን ትላለህ።

እንዳልከኝ የእማዬን ዕቃ ሸክፌ ወደ አረጋውያን መኖሪያው ልወስዳት በረዷማዋ ከተማ ዱሉዝ መጣሁ። አንተ አሪዞና ፀሐይ ልትሞቅ ከሄድክ ወዲህ ብቻዋን ነበረች። በሩን ስትከፍትልኝ ካፖርት ለብሳ፣ የአባዬን የሱፍ ኮፍያ እስከ ቅንድቧ ደፍታ ነበር። «ጭንቅላቷ እየከዳት ነው፤ ካፖርቷን ለብሳ ነው የምትተኛው» ያልከኝ ትዝ አለኝ። ጓንቴን ሳወልቅ ግን የእኔም ጣቶች ደነዘዙ። የሳሎኑ መስኮት ከውስጥ በኩል በረዶ ሠርቷል።

«እማዬ፣ ቤቱ እኮ ይቀዘቅዛል» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። «አንቺንም በረደሽ?» አለችኝ፤ ደስ ያላት ትመስል ነበር።

ምድር ቤት ያለው የቤቱ አየር ማሞቂያ እንደሆነ ሲነሳና ሲጠፋ ነው የሚውለው። እሳቱ ቦግ ይላል፣ አየሩ መንፈስ ይጀምራል፣ ገና ምኑም ሳይሞቅ ጭጭ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይነሳል። እማዬ «እንደ በሽተኛ ያቃስታል» ብላህ እንደነበር ነገረችኝ። አንተ ደግሞ ለሐኪሟ «የሌለ ድምፅ ይሰማታል» አልከው። ያን ድምፅ ሳሎን ቁጭ ብዬ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት።

የማሞቂያ ጠጋኝ ጋ ደወልኩ። በዚያ ቅዝቃዜ የከተማው ማሞቂያ ሁሉ ተበላሽቶበት በሳምንቱ ውስጥ እንደማይደርስልኝ ነገረኝ፤ ግን ከምን እንደምጀምር በስልክ አስረዳኝ። የግድግዳውን የሙቀት መቆጣጠሪያ ባትሪ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ከዚያ የማሞቂያውን የአየር ማጣሪያ ለማየት ወደ ምድር ቤት፣ ወደ አንተ ዋሻ ወረድኩ።

እንዴት እንደኖርክበት አላውቅም። ትምባሆህን እያኘክ የተፋህባቸው ጠርሙሶች ቡናማ ውሃቸውን እንደያዙ ከሶፋው ሥር ተደርድረዋል። ምንጣፉ የውሻህን ሽንት ይሸታል። ማጣሪያው በውሻው ጸጉር ተደፍኖ እንደ በሰበሰ የበግ ቆዳ ሆኗል፤ በሁለት ጣቴ ይዤ ስጎትተው ላዩ ላይ ያለው ነገር እጅጌዬ ላይ ተዘረገፈ። በአዲስ ቀየርኩት። ማሞቂያው ተነሳ፣ ደግሞም ጠፋ።

አንድ ነገር ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። ላብ በላብ ሆኛለሁ። ካፖርቴን አውልቄያለሁ፣ ሹራቤንም አውልቄያለሁ። ላይ ቤት እማዬ ትንፋሿ እየጨሰ፣ ታች ያንተ ክፍል እንደ ምድጃ ይፋጃል።

እንደገና ደውዬ ለጠጋኙ ይህን ነገርኩት። «እሳቱ ደህና ከሆነ ማሞቂያው ከመጠን በላይ እየጋለ ነው ራሱን የሚያጠፋው። አየሩ የሆነ ቦታ ታፍኗል። ቧንቧውን ተከተዪው» አለኝ።

ተከተልኩት። ሙቅ አየሩን ወደ ላይ ቤት የሚያወጣው ትልቁ የቆርቆሮ ቧንቧ በፕላስተር ዙሪያውን ታሽጓል። ጠርዙ ልክ አንተ የገና ስጦታ እንደምትጠቀልለው ጥርት ብሎ ታጥፏል። ፕላስተሩን ገንጥዬ ቧንቧውን ከመጋጠሚያው ከፈትኩት። መጀመሪያ የምንጣፍ ቁራጭ ወጣ፣ ቀጥሎ ስፖንጅ፣ በመጨረሻ የአጋዘን ደም የደረቀበት ብርቱካናማው የአደን ጃኬትህ። እጅጌው ውስጥ አይጥ ወልዳበት ሁሉም ሞተው ደርቀዋል። ሽታው ጉሮሮዬ ውስጥ ገባ፤ ልብስ ማጠቢያው ገንዳ ላይ ተደፍቼ አስመለስኩ።

ወዲያው ደወልኩልህ። የሆነ ነገር ትክዳለህ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትክደኝ ይሻለኝ ነበር። የመጠጥህ በረዶ ብርጭቆ ውስጥ ሲንቋቋ እየሰማሁ «ታዲያ እኔ ታች በብርድ ልሙት? ሙቀት እኮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይደርሳታል ብዬ ነው» አልከኝ። ቀጥለህም የመኖሪያውን ቀጠሮ እንዳላበላሽብህ አስጠነቀቅከኝ። ስልኩን ዘግቼ እጄን ታጠብኩ። የታጠብኩት ከጃኬቱ ሳይሆን ከአንተ ነበር።

ቧንቧው ከተከፈተ በኋላ ማሞቂያው ተነስቶ ሳይቋረጥ ሠራ። እማዬ ወጥ ቤት ወለሉ ላይ ባለችው የሙቅ አየር መውጫ ላይ በባዶ እግሯ ቆመች። ቀሚሷ በሙቀቱ ተነፋ። ኮፍያውን ስታወልቅ ጸጉሯ ከጭንቅላቷ ጋር ተጣብቆ ነበር።

«ችግሩ ከእኔ ይመስለኝ ነበር» አለች። «ዱዌን ማሞቂያው ደህና ነው ሲለኝ፣ በቃ አርጅቼ ነው ብዬ ተውኩት።»

ምን እንዳገኘሁ ጠየቀችኝ። ልዋሻት አልቻልኩም፤ ሁሉንም ነገርኳት።

«ጃኬቱ የቱ ነው?»

«ብርቱካናማው።»

«እንዳይበርደው ብዬ እኔ ነኝ የገዛሁለት» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሐሙስ ዕለት የመኖሪያው ሰዎች ጋ ራሷ ደውላ እንደማትመጣ ነገረቻቸው። ሐኪሙንም ራሷ አነጋገረችው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲያያት አንተ እንዳትኖር አደራ ብላዋለች። እኔ እስከ ጸደይ ከእሷ ጋር ነኝ። ጠርሙሶችህን ጥዬልሃለሁ። የበሩን ቁልፍም ቀይሬዋለሁ።

እኔን ብትጠይቀኝ ዳግም ዓይንህን ባላይ ደስ ይለኛል። ቤቱ ግን የእሷ ነው፤ ይህን ጻፊለት ብላኛለች፤ ቃሏን ሳልነካ አስቀምጬልሃለሁ፦

«ስትመጣ ምድር ቤት አትወርድም። ላይ ከእኔ ጋር ትቀመጣለህ። ለምን እንደሆነ ዓይን ዓይኔን እያየህ ትነግረኛለህ።»

ካርላ