በተቆለፈ ስልክ ላይ የበራ ስም

ለምወድሽ እኅቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? የተሰበረው ክንድሽ ብርዱ ሲመጣ ይጠዘጥዝሻል ወይስ ተሻለሽ? ልጅሽ እፀገነትስ እንዴት ናት፤ በእንቅልፏ መባነኑን ተወች? እኛ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለን። ደኅና ነን ግን አልልሽም።

መብራት ከጠፋብን ሰንብቷል። ስልካችንን እንደ ቢቸና ሰው ሁሉ በገላው ሱቅ፣ ጄኔሬተሩ ላይ እንሰካለን። የሁላችንም ስልክ ባንኮኒው ላይ እንደ ጉልት ቲማቲም ተደርድሮ ይውላል፤ የገባ የወጣው ሁሉ ያየዋል። እኔም በቁጥር ቆልፌዋለሁ፣ ምን ቸገረኝ ብዬ ትቼው ሄድኩ። ያንቺ መልእክት የገባው ያኔ ነው።

ለካ የተቆለፈ ስልክም ያወራል! መስታወቱ ቦግ ብሎ፣ ከጊዮርጊስ በታች ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ቤት እንዳገኘሽ፣ እፀገነትንም ትምህርት ቤት እንዳስገባሻት ቁልጭ አድርጎ አሳየ። አንቺስ ከባልሽ ከቢያዝን ዱላ አምልጠሽ ከወጣሽ ወዲህ አዲስ ቁጥር አውጥተሽ፣ ፎቶሽን አንስተሽ፣ ስምሽን በአንዲት ፊደል ተክተሽ ነበር። እኔ ሞኟ ናፍቆቴ አላስችል ብሎኝ «እታለም ሞጣ» ብዬ መዘገብኩሽ፤ ያ ስም ከመልእክቱ በላይ በራ።

ስልኬን ልወስድ ስመለስ የባልሽ ወንድም ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብሏል። የራሱን ሊያነሳ መጥቶ የኔን አየ። ቀና አለና ፈገግ ብሎ፣ ሞጣ ዘመድ አላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለንም አልኩት። ስልኬን አንስቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ቢያዝን ስለ ሞጣ ወፍጮ ቤቶች መንገደኛውን ሁሉ እየጠየቀ ነው አሉኝ።

አባታችን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ ነበር፤ ይሄ ግን ከማናችንም አፍ ሳይወጣ ነው አፋፍ የደረሰው። ግቢያችን የተከራየው የኮምፒውተር መምህር የስልኬ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ፣ መልእክት መምጣቱን ብቻ እንጂ ስሙንና ቃሉን እንዳያሳይ አድርጎ አስተካከለልኝ። ማሳወቂያው እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ባሕር ማዶ ባለ በሌላ ድርጅት ማሽን እንደሚያልፍም አስረዳኝ። እሱን በቅጡ አልሰማሁትም፤ እኔ የምፈራው ባሕር ማዶ ያለውን ሳይሆን ጓሮዬ ያለውን ነው።

ስደውልልሽ ስልክሽ ዝግ ነው። መልእክት እንዳልልክ በማን ፊት እንደሚበራ አላውቅም። ከዚያ ቤት ቶሎ ውጪ። ልጅ ሳለን ኩፍኝ ሲይዝሽ እማዬ ወደወሰደችሽ ጠበል ሂጂ፤ ስሙን አልጽፈውም።

እማዬ ዓይንሽን ስማ፣ በርቺ ልጄ ትልሻለች። ወንድማችን ባምላኩ እፀገነትን በሁለት ጉንጯ ሳሚልኝ ብሏል። ያስጠጉሽን እማማ አየሁሽን ሁላችንም እጅ ነሥተናል በያቸው።

ይህን የምጨምረው መናኸሪያ ቆሜ ነው። ደብዳቤውን የሚያደርሱልሽ ጎረቤታችን እትዬ ይርጋነሽ ሚኒባሱ ውስጥ ገብተዋል። ቢያዝንም ገብቷል፤ ከፊታቸው ተቀምጧል። ዛሬ ሌላ መኪና የለም አሉ። ፖስታው ላይ ስምሽን አልጻፍኩም፤ ቤቱንም በጆሯቸው ነው የነገርኳቸው። እታለም፣ ይህ እጅሽ ከገባ እሱም ሞጣ ገብቷል ማለት ነው። ጫማ እንኳ አትፈልጊ፤ ልጅሽን ይዘሽ በጓሮ ውጪ።

እኅትሽ አምሳለች
ቢቸና፣ መናኸሪያ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.